የወይዘሮ አክበረት ማድ ቤት

ጓደኛዬ አድማሱ በአርባ ሦስት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከሁሉም በላይ የሳቅሁበት እኔ ነኝ። ካምፓላ ኪኩቦ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ ሰው ስለ ዲግሪ ምን አውቄ! “ከልጆችህ እኩዮች ጋር ልትቀመጥ ነው?” አልኩት።

ሰውዬው የሄደው ፊርማ ፈልጎ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የካምፓላን ቤቶች ነድፏል። ዲግሪ ስለሌለው ግን መፈረም አይችልም። ፕላኑ ላይ ስሙን የሚጽፈውም፣ ማኅተሙን የሚመታውም አለቃው ኢንጂነሩ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ሻይ እንኳ አብረው ነው የሚጠጡት። አንድ ቤት በስሜ ሳይቆም አልሞትም ብሎ አርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ተመዘገበ።

በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ አንድ ፕላን ግድግዳው ላይ አበራ። “ይህ ኢንጂነር ባለቤቶቹን ጠይቆ ነው የነደፈው፤ ማድ ቤቱን ለብቻው ማውጣቱን እዩ” አለ። አድማሱ ወዲያው አወቀው። ሐይቁ አጠገብ ሙቱንጎ ሰፈር ያለው የወይዘሮ አክበረት ቤት ነው! “ቁሌቱ ሳሎኔ እንዳይሸት፣ አደራህን ልጄ” ያሉት እሱን ነበር። ከታች የተጻፈው የአለቃው ስም ነው። ቢናገር አለቃው የሙያ ፈቃዱን፣ እሱም ሥራውንና ከደመወዙ የሚከፍለውን ትምህርቱን ያጣል።

የቤት ሥራው ያንኑ ፕላን እንዳለ መልሶ መንደፍ ነበር። ፕላኑ ደግሞ አድማሱን ሲቆጨው የኖረ ስሕተት አለበት፤ የማድ ቤቱ መስኮት ከሐይቁ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሆነ ሽታው ተመልሶ ሳሎን ይገባል። ወይዘሮ አክበረት ባገኙት ቁጥር ይወቅሱታል። አሁን ዕድሉን ሲያገኝ መስኮቱን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረው።

ትናንት ወረቀቱን አሳየኝ። ከሃያ አሥራ አንድ። መስኮቱ በቀይ ተከቦ፣ “ለምን ቀየርከው? ከኢንጂነሩ ተማር። አርመህ መልስ” ተብሎ ተጽፎበታል።

ደሜ ፈላ። “ሂድና እኔ ነኝ በለው እንጂ! ወንድ አይደለህም?” ብዬ ጮህኩበት።

“ገና አራት ዓመት ይቀረኛል” አለኝ።

ከዚያ ላጲሱን አወጣና፣ እዚያው ሱቄ ባንኮኒ ላይ፣ መስኮቱን አጥፍቶ ወደ ስሕተቱ መለሰው።