የሀጂ ጀማሉ ሦስት ስክሪኖችና እሺ ባዩ ሙዳሲር

ሙዳሲር እሺ ማለት ያውቃል፤ እምቢ ማለትን ግን ማን እንደነጠቀው እንጃ! ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ እጁ ወርቅ ነው። የሰሊጥ ነጋዴውን የሀጂ ጀማሉን ልጅ ዩስራን ሽማግሌ ልኮ ካስጠየቀ ወዲህማ ጭራሽ ባሰበት። አማች ለመሆን የቋመጠ ሰው የልጅቷ አባት ላይ ቃል ይመልሳል እንዴ? ነውር ነው!

ሀጂው ለሽማግሌዎቹ መልስ ሳይሰጡ ሙዳሲርን ሰሊጥ የሚሸጡበት ዱካናቸው አስጠሩት። ግድግዳ የሚሞሉ ሦስት ጥርት ያሉ ባለ ፎርኬ ስክሪኖች ገዝተዋል፤ አንዱ የሰሊጥ ዋጋ፣ አንዱ መጋዘናቸውን፣ አንዱ ኳስ እንዲያሳያቸው። ሙዳሲር ከቦርሳው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አወጣ። ሁለቱን ስክሪኖች በኤችዲኤምአይ፣ ሦስተኛውን በታይፕ ሲ ገመድ ሰካባት። ሦስቱም ቦግ አሉ፤ የመጋዘኑ ሰሊጥ ፍሬ በፍሬ ይታይ ጀመር።

"ይቺ ናት?" አሉ ሀጂው። "ይቺ የስኳር ዕቃ? እንግዶቼ ሲያዩ ምን ይሉኛል! ደብቃት!"

"እሺ ሀጂ።"

ትልቅ የእንጨት ሳጥን አስመጡ። "እዚህ ክተታት።" "እሺ።" "አቧራ እንዳይገባባት በብርድ ልብስ ጠቅልላት።" በገዳሪፍ ሙቀት ብርድ ልብስ! ሙዳሲር እንደምትታፈን ያውቃል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ "እሺ" አለ። ሀጂው ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

እንግዶቹ ነጋዴዎች ገቡ። "ማሻአላህ! ምን ዓይነት ማሽን ቢሆን ነው ይሄን ሳጥን የሚሞላው?" ሀጂው ደረታቸውን ነፉ። ብዙም ሳይቆይ ሦስቱም ስክሪኖች ድርግም አሉ። "ደክሟት ነው" አለ አንዱ። "ዓይን በልቷት ነው" አለ ሌላው። ዱዓ ይደረግላት ተባለና ሁሉም ለሳጥኑ እጃቸውን ዘረጉ። ሙዳሲርም አብሮ "አሚን" አለ፤ ምን ያድርግ!

የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ዩስራ ከጓዳ ብቅ ብላ አባቷን ጠራች። "ያ ባባ፣ ታፍና እኮ ነው! ክፈቱላት!"

ሀጂው ሳጥኑን ከፍተው ከነብርድ ልብሷ ቢነኳት እጃቸውን ለበለበችው። "ታውቅ ነበር?" አሉ ሙዳሲርን።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አክብሬዎት ነው።"

"እና ልጄ ቤትህ ትኩሳት ቢይዛት፣ እኔን አክብረህ ዝም ልትል ነው? ለእሺ ባይ ልጅ አልሰጥም! ኸላስ፣ በቃ ሂድ!"

ሙዳሲር ተነሣ። ዩስራ አፈጠጠችበት። እንግዶቹ እሺ ብሎ ሊወጣ ነው ብለው አፍረውለት አቀረቀሩ።

"እምቢ!" ብሎ ጮኸ። ራሱም ደነገጠ። "እምቢ፣ አልሄድም! ያንንም ብርድ ልብስ ያንሱላት!"

ሀጂው ብርድ ልብሱን በገዛ እጃቸው ገፈፉና አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡለት።

"በል ተቀመጥ" አሉት። "ሽማግሌዎችህ የት ናቸው?"