የክላይቭ ክፍለ ጦር

ክላይቭ ሆልሮይድ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ኖቲንግሃም አውቶቡስ ሲነዳ ነበር። አሁን ሥራው ማንበብ ነው። የሚያነበውም የወደፊት ዘመን ጦርነት ነው፤ ከዋክብት መሀል ስለሚዋጉ፣ አዛዦቻቸው ስለረሷቸው ወታደሮች። መጽሐፎቹ የተጻፉት ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ከሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ተነስተው ነው። ጨዋታው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ፣ የቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነው።

እኔ ሞሪን ነኝ። የአዳራሹ ቁልፍም፣ ሻዩም፣ ጭቅጭቁም የኔ ነው። ተጫዋቾቹ ወታደሮቻቸውን የሚቀቡበትን ቀለም ጠረጴዛዬ ላይ ሲያፈሱ እጮሃለሁ፤ ግን ማን ሰምቶኝ!

ክላይቭ አያፈስም፤ አይጫወትማ። ማሞቂያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያነባል። ቤቱ ሆኖ ማንበብ ይችላል፤ ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎበታል። ለጨዋታው ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ "ና እንጫወት" ያለው የለም። ተጫዋቾቹ የሚያወሩት ስለ ነጥብ ነው፤ ልቦለዶቹን አንብቦ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ታሪኩን ሊነግራቸው ይጀምራል፤ "እህ" ይሉትና ዳይስ ወደ መወርወራቸው ይዞራሉ። አንጀቴን ይበላኛል።

አንድ ቅዳሜ ጋቪን የሚባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተኮሳትሮ መጣ። ሁልጊዜ አብሮት የሚጫወተው ጓደኛው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶበታል።

"ክላይቭ አለልህ አይደል?" አልኩት።

"እሱ? እሱ እኮ አንባቢ ነው!"

"ታዲያ አንባቢ እጅ የለውም?"

ክላይቭ እስከ ጆሮው ቀላ። "ወታደሮች አሉኝ፤ እቤት ነው የቀባኋቸው" አለ።

"እንግዲያው ሳምንት ይዘሃቸው ና፤ ከተስማማን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሆናለን" አለው ጋቪን።

በሳምንቱ ክላይቭ ከረባት አስሮ መጣ። ለፕላስቲክ ጦርነት ከረባት! ወታደሮቹን በጥጥ ጠቅልሎ የጫማ ካርቶን ውስጥ አስተኝቷቸዋል። እግራቸው ሥር የየራሳቸው ስም ተጽፏል።

"ይሄ ሀርገን ነው፣ ምግብ አብሳያቸው። ይሄኛው እናቱን የሚፈራው ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የማነበው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሁሉም ያልቃሉ።"

"ውይ! ሁሉም?"

"አንድም አይተርፍም።"

ጨዋታው ተጀመረ። ጋቪን፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ታጋሽ ነበር። "ስማኝ ወዳጄ፣ እግረኞች ርካሽ ናቸው። ወደ ኮረብታው ግፋቸው፤ እነሱ እዚያ ሲያልቁ መድፍህ ሥራውን ይሠራል።"

ክላይቭ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ተራው በደረሰ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይወስዳቸዋል። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ እያነሳ ካርቶኑ ውስጥ ያስተኛቸው ጀመር።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ ጋቪን።

"ከጦርነቱ እያወጣኋቸው ነው።"

"ከጠረጴዛው የወጣ እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው! ሕጉን አታውቅም?"

"አልሞቱም" አለ ክላይቭ፤ ፊቱ በርቷል። ወደ እኔ ዞረ። "ሞሪን፣ አየሽልኝ? ሀርገን እንኳን ተርፏል!"

መጽሐፉን አላነበብኩትም። ቢሆንም "አየሁ፣ ጎሽ!" አልኩት።

"ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ለዚህ ነው?" አለ ጋቪን ዕቃውን እየሰበሰበ። "ተወው ወዳጄ፤ አንተ መጽሐፍህን አንብብ።" በማንቆርቆሪያው አናቱን ባልኩት ደስ ባለኝ። ግን ሰውየው የመጣው ሊጫወት ነው፤ ምን ይፈረድበታል? ክላይቭም የካርቶኑን ክዳን በቀስታ ገጥሞ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋቪን ከጎረቤት ከተማ ከደርቢ ከመጣች ሴት ጋር ተጋጠመ፤ ሳቃቸው አዳራሹን ሞላው። ክላይቭ መጽሐፉን ብቻ ይዞ መጥቶ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ወሰድኩለት።

"ወታደሮችህስ?"

"እቤት ናቸው፤ መደርደሪያው ላይ ደረደርኳቸው።"

"ይዘሃቸው አትመጣም እንዴ? ሌላ ሰው እፈልግልሃለሁ።"

"ተያቸው፣ ሞሪን። እነሱስ አንድ ላይ ናቸው።" ያቆመበትን ገጽ ፈልጎ አገኘ። "ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ።"