የእትዬ ይቅርታ ሦስት ደረጃዎች

ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች በአንድ ላጲስ ቢተናነቁ እትዬ ይቅርታ አትቆጣም፣ አታስለቅስም። በጣቷ ወደ ጥጉ ትጠቁማለች፤ እዚያ ምንጣፍ አለ። ተጣዪዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጡና በዳዩ ሦስቱን ደረጃዎች ይወጣል፤ መጀመሪያ ምን እንዳደረገ፣ ቀጥሎ ሌላው ምን ተሰምቶት እንደሚሆን፣ በመጨረሻ በምን እንደሚክስ ይናገራል። ደግሞ ይሠራል እኮ! ጠዋት የተቧጨሩት ከሰዓት ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይወጣሉ። ስንቱን አስታርቃ ስንቱን አስማምታ፣ የገዛ ስሟ ተረስቶ ዘበኛው ሳይቀር «እትዬ ይቅርታ» ይላታል።

ይህችው ሴት ታዲያ ከግድግዳው ወዲያ ሦስተኛ ክፍል ከምታስተምረው ታናሽ እህቷ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው።

እናታቸው አልጋ ላይ የወደቀች ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያገላበጠቻት ታናሿ ናት። ታላቂቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን አንጠልጥላ ብቅ ትል ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ለሥልጠና ልትሄድ ተነሳች። የምን ሥልጠና ቢሉ፣ የልጆችን ስሜት ማድመጥ! ታናሿ «ዛሬ ነገ እያለች ነው፣ አትሂጂ» ብትላት፣ «አምስት ቀን እኮ ነው፣ ትቆየኛለች» አለች። አልቆየቻትም። ሥልጠናው እስኪያልቅ ስልክ ማጥፋት ደንብ ነበርና የደረሰችው በቀብሩ ማግስት ነው፤ ሰርተፊኬቷን በብብቷ ይዛ። ታናሿ በሩ ላይ ቆማ አየቻትና «ስንት አመጣሽ?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም።

ባለፈው ሐሙስ ታናሿ መዛወሯ ተሰማ፤ አርብ ከሰዓት እቃዋን ጭና ልትሄድ ነው።

«እትዬ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አላት ዘበኛው። «ነገ ካመለጠችዎት አመለጠችዎት።»

«አንተ በርህን ጠብቅ!» ብላው ገባች። ግን አርብ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች «እናታችንን ጥዬብሽ ሄድኩ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ተለማመደች። ይህን ብቻ ብትላት፣ ታናሿ ሌላ ምንም አትፈልግም።

የተለማመደችውን ሳትናገር ልጆቹ ቀደሟት። ክፍሉ «ሬዲዮ» የሚላት ለፍላፊ ልጅ በከሰዓቱ እረፍት «ቲቸር፣ እናንተ እህትማማቾቹ ለምን ምንጣፉ ላይ አትቀመጡም?» አለችና ጓደኞቿን አስከትላ ሮጠች። ታናሿን ግራና ቀኝ እጇን ይዘው እየጎተቱ አመጧት።

«በሉ እሺ፣ ቀሚሴን ቀደዳችሁት!» አለች ታናሿ እየሳቀች። ተቀመጠች። ደግሞ ፊቷ ክፉ አልነበረም።

እትዬ ይቅርታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሃያ ስምንት ልጅ ከቧት ዓይን ዓይኗን ያያል። አፏን ስትከፍት የወጣው የጠዋቱ ቃል ሳይሆን የክፍሉ ድምፅ ነበር፤ ያ ለስለስ፣ ዘርዘር ያለው።

«የመጀመሪያው ደረጃ። እማዬ በታመመች ጊዜ ሳላግዝሽ ቀርቻለሁ። ሁለተኛው ደረጃ። አንቺ ያኔ ምናልባት የድካም ስሜት፣ የብቸኝነት ስሜት...»

«ምናልባት?»

«እስክጨርስ ማዳመጥ ነው ደንቡ...»

«ምናልባት ነው ያልሽኝ?» የታናሿ ድምፅ ዝቅ አለ። «እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ‹ትልቋ መጣች?› ስትል ነበር። እኔ ‹መንገድ ላይ ናት› እያልኩ ስዋሻት ነበር። ይሄ ስንተኛው ደረጃ ላይ ይገባል?»

እትዬ ይቅርታ ጠዋት የተለማመደችውን ቃል ፈለገችው፤ አጣችው። ያገኘችው ሦስተኛውን ደረጃ ብቻ ነው።

«በምን ልካስሽ?»

ታናሿ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈችና መዳፏን በታላቅ እህቷ አናት ላይ አሳረፈች፤ ልክ ፊደል ለይቶ ለጨረሰ ሕፃን እንደሚደረገው።

«ጎበዝ» አለቻት፤ ወጣችም።

ልጆቹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው በጭብጨባ ቤቱን አናጉት።

«ቲቸር፣ ታረቃችሁ አይደል?» አለች ሬዲዮ።

የታናሿን እቃ የጫነችው መኪና ከግቢው እየወጣች በመስኮቱ ትታያለች።

«አዎ» አለች እትዬ ይቅርታ ከምንጣፉ ሳትነሳ፤ «ታርቀናል።»