የድሩሲላ መጋረጃ

ሰሊና ፒትማን ሰው ቤት ስትገባ ቀድማ ሰላም የምትለው ድስቱን ነው። ክዳኑን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ ማንኪያ በቅርብ ካገኘች ትቀምሳለች። ዞር ብላ «እንዴት ዋላችሁ?» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። አጥራችን አንድ ስለሆነ እኔን በየቀኑ ትፈትሸኛለች። ሾርባዬ ጨው እንደበዛበት የማውቀው ከምላሴ ሳይሆን ከሰሊና ቅንድብ ነው።

ስትገባ አታንኳኳም። ማናችንም አናንኳኳም። በመንደራችን በሎንግ ቲክል በር የሚዘጋው ለነፋስ እንጂ ለሰው አይደለም። የፊት ለፊቱ በርማ ጭራሽ ደረጃ የለውም፤ ከፍቶ የወጣ ሰው መሬት የሚደርሰው አንገቱን ሰብሮ ነው። ሁላችንም በኩሽና በኩል ዘው እንልና «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነፋስ ነው!» ብለን ምድጃው አጠገብ እንቀመጣለን፤ ሻይ እስኪቀዳልን ወሬ እንጀምራለን። አንኳኩቶ የሚገባ ካለ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ሃይማኖቱን ሊሰብከን የመጣ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ወይ በገና ሰሞን ጭምብል አጥልቆ ሊያስቀን የመጣ የሰከረ ጎረቤት ነው። አንድ ሌላም አለ፤ እሱን ኋላ እደርስበታለሁ።

ሰሊና ገና በልጅነቷ ነው ዓሣ ፋብሪካ ገብታ ኮድ የሚባለውን ዓሣ መሰንጠቅ የጀመረችው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከሷ ጋር የኖረ ሰው ሌላ ምን ምርጫ አለው? ዓሣው ከባሕሩ ጠፍቶ ፋብሪካው ሲዘጋ ግማሹ መንደር ሻንጣውን አንስቶ ከደሴቷ ወደ ዋናው ምድር ተሰደደ። ታናሽ ወንድሟ ዊልፍም አልበርታ ሄዶ ነዳጅ የሚወጣበት ሥራ ገባ። ሰሊና ግን የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ተማረች። ለእንደሷ ዓይነት ሰው ሥራ አይደለም፣ ርስት ነው። ትምህርት ቤቱ በር ሳትደርስ የማን አባት ሶፋ ላይ እንዳደረ፣ የማን እናት ፀጉሯን ቀለም እንደተቀባች ሁሉ ከልጆቹ አፍ ሰምታ ጨርሳለች።

እንግዲህ ይቺ ሴት አንድ ቀን የማታውቀው ነገር ገጠማት። ያውም በገዛ እናቷ።

እናቷን መንደሩ በሙሉ እትዬ ድሩሲላ ነው የሚላት። ባሏ አዛራያ ባሕር ላይ የቀረው ሰሊና የአምስት ዓመት ልጅ፣ ዊልፍ ገና በሆድ ሳለ ነው። ዓሣ ጨው እየነሰነሰች፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣች ሁለቱን አሳደገቻቸው። ከሰማንያ ካለፈች በኋላ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የሚያስቅ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጥና ቅቤውን ምድጃ ላይ ትጥዳለች። ቀጥሎ የሰሊናን ስም ረሳች፤ «አንቺ አውቶቡሷ» ትላት ጀመር። በየካቲት በረዶ ግን በሌሊት ልብሷ ጀልባ መቆሚያው ድረስ ወርዳ አዛራያን ስትጠብቅ ተገኘች። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ሐኪሙም ለብቻዋ እንዳትተው ቁርጡን ተናገረ።

ቅርባችን ባለው ከተማ ሁለት መጦሪያ ቤቶች አሉ። አንዱ ኮረብታው ላይ አዲስ የተሠራ፣ መስታወቱ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው የዱሮ የዓሣ ነጋዴ መኖሪያ የነበረ፣ ጣሪያው በዝናብ የሚያለቅስ አሮጌ ቤት ነው። ሰሊና ሁለቱንም ልታይ በአውቶቡሷ ሄደች። ልታይ ስል ድስቶቻቸውን ማለቴ ነው።

አሮጌው ቤት ጎመን ጎመን ይሸታል። የአንድ ሽማግሌ ክፍል በር ላይ ቆማ ስታይ፣ ወጥ ቤቷ ጌርቲ የምትባል ግዙፍ ሴት ሳህን በሁለት እጇ ይዛ በሩን በመቀመጫዋ ገፍታ ገባች። «ተነሳ አንተ ሰነፍ፣ እንግዳ ቆማብሃለች!» አለችው። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ከረሜላውን ከጠረጴዛው አንስታ በላች። ሽማግሌው «ሌባ!» ሲላት «አንተም የሰረቅከው ነው» አለችው።

ሰሊና ማታ ለዊልፍ ደወለች።

«ሥርዓት የላቸውም» አለችው። «ማንኳኳት የሚባል አያውቁም። የሰው ክፍል እንደ በረት ዘው!»

ስልኩን የደወለችው ከኔ ኩሽና ነበርና ሻዬ ትን አለኝ። ሰሊና! በሕይወቷ የአንድ ሰው በር አንኳኩታ የማታውቀዋ ሰሊና!

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ ስልኩን በእጇ ከድና። «ከተማ ነው እኮ። ከተማ ሌላ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?» አልኳት።

አዲሱ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ትሬሜን ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ፈገግታዋ የማያልቅ ሴት ናት። ሰሊና ኩሽናውን ስትጠይቅ «ለጎብኚ አይፈቀድም» ተባለች። ሽንት ቤት እንደጠፋባት ሰው ሆና ገባች እንጂ አልቀረችም። ሾርባውን ቀመሰች። ጉድ እንድታገኝበት ፈልጋ ነበር፤ ሾርባው ግን ጣፋጭ ሆነባት። በዚህ በጣም ተናደደች።

«እዚህ አንድ ሕግ አለን» አለቻት ወይዘሮ ትሬሜን በኮሪደሩ ሲሄዱ። «ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ሳያንኳኳ ወደ ነዋሪ ክፍል አይገባም። ክፍሉ ቤታቸው ነው። ክብራቸው ነው።»

ይኼ ሰሊናን አሸነፋት። እናቷ ዕድሜ ልኳን የሰው ዓሣ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ በመጨረሻ በሯን አንኳኩተው «ይግቡ» እስክትል የሚጠብቋት ሰዎች አገኘች። ዊልፍም ፎቶውን በስልክ አይቶ «በቃ፣ እሱን! ምን ይጠየቃል!» አለ። እትዬ ድሩሲላ ለሙከራ ገባች።

ሙከራውን ካለፈች በቋሚነት ትኖራለች። ካላለፈች ደግሞ በሩ በቁጥር ወደሚቆለፈው ፎቅ ትወጣለች፤ ወይ ወደማታውቀው ሩቅ ከተማ ትላካለች። ሰሊና እንቅልፍ ያጣችው በዚህ ነበር።

ገና ሳምንቱ ሳያልቅ ስልክ ተደወለ።

«እናትዎ አልተረጋጉም» አለች ወይዘሮ ትሬሜን። «ያለቅሳሉ። ሠራተኞች ሲገቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። መጋረጃውን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይዘጋሉ። ብርሃን ዓይናቸውን ይጎዳዋል መሰለን።»

ሰሊና ግን በየቀኑ ሄዳ የምታየው ሌላ ነው። በሩን ገፍታ ስትገባ መጋረጃው ተዘግቶ ታገኘዋለች፣ እውነት ነው፤ ስትከፍተው ግን እናቷ ምንም አትልም። «መጣሽ አንቺ አውቶቡሷ? ነፋሱ ከየት ነው?» ትላታለች። ከሻዩ ጋር የቆርቆሮ ወተት ትጠይቃለች፣ ትስቃለች።

«እኔ ጋ ደህና ናት። እነሱ ጋ ታለቅሳለች» አለችኝ። «ምን እያደረጓት ነው?»

መንደራችን መልስ አያጣም። አንዷ «ይቆነጥጧታል» አለች፣ ሌላዋ «መድኃኒቱ ነው» አለች። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ የፊታቸው ንጽሕና አስደንግጧት ይሆናል አልኩ። ሰሊና ማናችንንም አልሰማችም። ሐኪሙ የሚያደነዝዝ ክኒን ሊጨምርላት እንደሆነ በተነገራት ማግስት ጠዋት ገብታ፣ እናቷን ቁርስ አብልታ፣ ሠራተኞቹ ሳያዩ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባች።

ሰሊና ቀጭን ሴት አይደለችም። ቁም ሣጥኑም ለአሮጊት ካፖርት እንጂ ለአውቶቡስ ነጂ አልተሠራም። በሩ አልገጥም ብሏት በክፍተቱ ትመለከት ነበር።

እናቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን እያየች ታንጎራጉራለች። ፊቷን ፀሐይ መትቶታል።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ማንጎራጎሩ ተቋረጠ። እትዬ ድሩሲላ ቀስ ብላ ተነሳች። ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች። ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ግራና ቀኝ ስባ ዘጋችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች።

ነርሷ ገባች፤ ልጅ እግር፣ ደግ ፊት ያላት። «እንደምን አደሩ እማማ ድሩሲላ? መድኃኒትዎን ይዤ ነበር።»

እትዬ ድሩሲላ ሳትዞር ጠየቀቻት። «ሁሉም ናቸው? ወይስ እሱ ብቻ ነው?»

«ማን፣ እማማ?»

«አግኝታችሁታል? ወይስ ባዶ ሣጥን ነው የምንቀብረው?»

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰሊና ካፖርቱን በጥርሷ ያዘች። ምክንያቱም ይህን ኳኳታ እሷም ድሮ ሰምታው ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ጠረጴዛ ሥር ከድመቷ ጋር ስትጫወት የኩሽናው በር ተንኳኳ። እናቷ ሽርጧን ፈታ ከፈተች። በሩ ላይ ቄሱ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

ኋላ እደርስበታለሁ ያልኩት እሱ ነው። ወሬ ይዞ የሚመጣ ቄስ ያንኳኳል። ባሕር ሰው ሲወስድ ቄሱ ሳያንኳኳ አይገባም፤ ስለዚህ ማዕበል በነበረ ቀን የተንኳኳበት ቤት ገና ሳይከፍት ያውቃል። ሰው የሞተበት ቤት ደግሞ መጋረጃውን ይዘጋል።

ሰሊና ከቁም ሣጥኑ ስትወጣ ነርሷ ጮኸች፤ የመድኃኒቱ ሳህን ወለሉ ላይ ተበተነ። ሰሊና ክኒኖቹን በጉልበቷ ተንበርክካ እየለቀመች «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ትላታለች። ነርሷ ደግሞ «ወይኔ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያሉት?» እያለች ሳህኑን ታነሳለች። እትዬ ድሩሲላ ብቻዋን ረጋ ብላ ወደ ግድግዳው እንደዞረች ነው።

ሰሊና በቀጥታ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች፤ ሳታንኳኳ።

«እንዳያንኳኩባት» አለች። «ዝም ብለው ይግቡ። ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ይበሉና ይቀመጡ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወይዘሮ ትሬሜን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰማች፤ ዓይኗም እርጥብ አለ። ክፉ ሴት አይደለችም። «ወይዘሮ ፒትማን፣ ይገባኛል። ግን ሕጉን ለአንድ ሰው መተው አልችልም። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሌሎቹ ቤተሰቦች አሉ። ለእነሱ ማንኳኳት ክብር ነው።»

«ለእነሱ ይሁን። የኔን እናት ግን ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ማታ ላይ ባሏን እየገደላችሁባት ነው።»

ወይዘሮ ትሬሜን የእትዬ ድሩሲላን ፋይል ከመሳቢያው አወጣች። «እንግዲያው» አለች፣ «ይህ ቤት የእርሳቸው አይደለም። ከልቤ አዝናለሁ።» ወደ አሮጌው ቤት ስልክ የመታችው ራሷ ናት። እትዬ ድሩሲላም ወደዚያ ተዛወረች።

ዊልፍ በስልክ ተቆጣ። «ያንቺው አፍ አይደል እንደ በረት ዘው ይላሉ ያለው? ጣሪያው ያፈሳል ብለሽኛል!»

«ያፈሳል። ባልዲ አለ።»

«ሰሊና፣ አብደሻል?»

«መጥተህ እይ። ካልወደድክ አንተ ትመርጣለህ፤ አንዲት ቃል አልናገርም።» አንዲት ቃል አልናገርም ማለቷን ስሰማ ነገሩ የምር እንደሆነ ገባኝ።

ዊልፍ መጣ። ምን ያህል ዘመን ዋናው ምድር እንደኖረ ከጫማው ያስታውቃል። አሮጌው ቤት ሲደርሱ ጎመኑን አሽትቶ አፍንጫውን ነፋ፤ ባልዲውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሰሊና ከንፈሯን ነክሳ ከኋላው ትከተላለች። የእናታቸው በር ላይ ደረሰና ጨዋ ሰው ነው፣ ጣቶቹን አጥፎ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።

ሰሊና እጁን አየር ላይ ቀለበችው። «እንዳታደርገው!» አለች በሹክሹክታ። «ግፋው ብቻ።»

ገፋው። መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቶ ክፍሉ በፀሐይ ሞልቷል። ጌርቲ አልጋው ላይ ዘርፈጥ ብላ የእትዬ ድሩሲላን ብስኩት እየበላች ድንች ትልጣለች፤ እትዬ ድሩሲላም ሽርጧን እንደታጠቀች ሌላውን ድንች ይዛ «ልጣጩን አታወፍሪው አንቺ ሆዳም!» እያለች ትቆጣታለች።

«ይኼ... ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ነፋስ ነው» አለ ዊልፍ።

እናቱ ቀና ብላ አየችው። አላወቀችውም። ግን አልደነገጠችም፤ ሳያንኳኳ የገባ ሰው የሩቅ ሰው ሊሆን አይችልም።

«በሩን ዝጋው፣ ብርዱ ይገባል» አለችው። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የድሩሲላ።»

«ድሩሲላን አውቃታለሁ። ክፉ ሴት አይደለችም። ወንድ ልጇ ግን ዘላን ነው፣ መጥቶም አይጠይቃት።»

ጌርቲ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ድንቹ አጎነበሰች። ዊልፍ ኮፍያውን አውልቆ እንደዚያ ቄስ በእጁ ያዘ፤ ሰሊና ዓይኗን ስታፈጥበት ግን ነገሩ ገባው መሰል ቶሎ ብሎ መልሶ ደፋው። እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ቢላዋ ጠየቀ።

ሰሊና ስለ ምርጫው አንዲት ቃል አልተናገረችም። ኩሽናው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠይቃ ድስቱን ልታይ ሄደች።