እርቁ አይቀርም
ኮምቦልቻ የትራፊክ ፖሊስ ቢሮ ወለል ስወለውል ሁሌ የማየው አንድ ሞተረኛ አለ። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ቀኝ እግሩ አይታጠፍም፤ ሄልሜቱን ከብብቱ አያወጣም። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሞተረኛ ገጨ ሲባል ከሰማ የራሱን ሥራ ጥሎ ከተጎጂው ጋር ይመጣል።

ዛሬ ከደጋን የመጡ ሽማግሌዎች ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ገጭቶት ክንዱ የተሰበረውን ሙንዚርን ከበው፣ ጉዳዩ ሳይመዘገብ ሾፌሩን ይቅር እንዲል ይለምኑታል።

«አባባ፣ እርቁ አይቀርም» አለ ሞተረኛው። «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት ይጻፍለት። ያለሱ፣ ኢንሹራንስ በሌለው መኪና ለተጎዳ የሚከፍለው የመንግሥት የመድን ፈንድ ለሕክምናው አይከፍልም።»

«ላንተስ ማን ነገረህ?» አሉት አንዱ ሽማግሌ።

«ያኔ ማንም አልነገረኝም። እኔማ የገጨኝን እዚያው አስፋልቱ ላይ አፉ ብዬ ሸኘሁት።»

ሽማግሌው የማይታጠፈውን እግሩን አይተው ወንበር ሳቡ።

«ጻፉለት እንግዲህ» አሉ፤ «እኛ እንጠብቃለን።»