በኮልፌ ሜዳ የካሜራ ዘበኛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ዕቃ ብርቱካንማ ሰደርያ ነው። ካሜራው የራሴ ነበር። ሰደርያውን የሰጡኝ ኮልፌ ውስጥ የሰፈሮች እግር ኳስ ውድድር የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሀብቴ ናቸው። «ጨዋታውን ታነሳለህ፤ የተመልካቹንም ካሜራ ትጠብቃለህ» አሉኝ።

ደንቡ አጭር ነበር። ተመልካች ከተቀመጠበት ሆኖ በስልኩ ለራሱ ይቅረጽ። ለመሸጥ ወይም ለቻናል የሚቀርጽ አስቀድሞ ኮሚቴውን ያስፈቅድ። ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ክልክል ነው። የተቀረጸ ሰው «አጥፉልኝ» ካለ ይጠፋለታል።

እኔ ደንብ ሲነገረኝ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ሁሉም ስልክ ይዟል። የማንን ካሜራ ነው የምጠብቀው?»

«የነጋዴውን።»

«በምን ለይቼ?»

«ኳሱን ትቶ ሰው ሰው የሚያየው እሱ ነው።»

ሳቅሁባቸው። እስከ ዛሬ ግን ከዚህ የተሻለ መለያ አላገኘሁም።

ሥራዬ ከጎሉ ጀርባ፣ ወደ ማዕዘኑ ጠጋ ብሎ መንበርከክ ነበር። ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲነሳ ሌንሴን በሸሚዜ ጫፍ እሸፍናለሁ። በየመሀሉ ተነስቼ ተመልካቹን እዞራለሁ። አንዱ ትራይፖዱን በጃንጥላ ጠቅልሎ አስገብቶ «ለፀሐይ ነው» አለኝ። «ሦስት እግር ያለው ጃንጥላ ከየት ገዛህ?» ብዬ መለስኩት። ከሰው ጋር መከራከር ደመወዝ የሚያስገኝበት ሥራ ከዚህ ሌላ አላየሁም።

አንድ ዓመት የፍጻሜው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል አንድ የሰፈሩ ልጅ ጎል አገባ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች እናቱ፣ አስካለ፣ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነስታ እልል አለች። ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ወዲያው ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች።

ረጅም ሌንስ የያዘ ናቲ የሚባል ወጣት አጠገቧ ቆሞ ሁሉንም ቀርጿል። የቪዲዮ ቻናል አለው። ፈቃድ ግን አልጠየቀም።

አስካለ እየሮጠች እኔ ጋ መጣች። «ወንድሜ፣ የባሌ ሙት ዓመት ገና ነው። የምኖረው በእህቶቹ ግቢ ነው። ይህን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ያስወጡኛል።»

ናቲን ያዝኩት። «አጥፋው።»

«ፋዘር፣ ሜዳው እኮ የመንግሥት ነው!»

«ሜዳው የመንግሥት ነው። ሴትዮዋ የመንግሥት አይደለችም።»

«ስንት ሺህ ሰው የሚያየው ነገር መሰለህ?»

«የሚጠፋው ለዚህ ነው።»

«እኔኮ ላሳፍራት አይደለም። ያምራል!»

እውነቱን ነው፤ ያምራል። ደንቡ ባይኖር የምለው ነገር አልነበረኝም፤ ምናልባትም ከእሱ ጎን ቆሜ ስለ ጥበብ ነፃነት እደሰኩር ነበር። ካላጠፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው ውስጥ እንደማይገባ ነገርኩት። እያጉረመረመ እሷ እያየች አጠፋው።

ይሄኔ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

እኔም አንስቻታለሁ። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ደንቡ ለተመልካች እንጂ ለኮሚቴው ፎቶ አንሺ አይደለም የሚል ክርክር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩትና ካሜራውን አዙሬ አሳየኋት።

ጠጋ ብላ አየችው። «እኔ ነኝ ይቺ?» አለች። ቀጥላም፣ «አታጥፋው። ዓመቱ እስኪያልፍ አስቀምጥልኝ። ለማንም አታሳይ።»

አስቀመጥኩላት። ከሙት ዓመቱ በኋላ ጥቁሩን አውልቃ ቤቴል ያለው ስቱዲዮዬ መጣች። ፎቶውን አንድ ቅጂ አሳተመች፤ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም። ቁም ሣጥኗ ውስጥ ነው። ልብስ ባወጣች ቁጥር እንደምታየው ነገረችኝ።

ጋሽ ሀብቴን አመሰግናለሁ። ያንን ደንብ ባያወጡ እኔ አላወጣውም ነበር።

የሰው ምስል ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቃል። ያነሳው ባለሙያ ቢሆንም።