ድባቡን ይዤ ወደ ሕንዶች ትርዒት

ቅዳሜ ጠዋት ከቶሮንቶው ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈሬ የተነሣሁት ለሽርሽር አልነበረም። በነጋታው ታቦት ይወጣል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ብቸኛ ድባብ፣ ታቦቱ በሚጠለልበት ጃንጥላ ላይ ግን በወርቅ ክር የተጠለፈው መስቀል ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። "ለእኔ ተዉት" ያልኩት ራሴ ነኝ። ልብስ ስፌትን ካርቱም ሳለሁ ያለ አስተማሪ፣ አሮጌ ሱሪ እየተረተርኩ መልሼ በመስፋት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እምቢ ያለኝ ጨርቅ አልነበረም። ይህ የወርቅ ክር ግን መርፌዬ በነካው ቁጥር ይላጣል። ሕንዶች በየዓመቱ የሚያሳዩት የእደ ጥበብ ትርዒት ጄራርድ ጎዳና ላይ መከፈቱን ስሰማ፣ የድባቡን ከፋይ ጨርቅ ከብረቱ አውጥቼ በነጠላ ጠቀለልኩት። ለአስተዳዳሪያችን ለአባ አልነገርኳቸውም።

ኖርዝ ዮርክ ቢሮ የምትሠራው ልጄ አልማዝ አብራኝ መጣች። ፔፕ ጣቢያ ከአውቶብስ ስንወርድ ቆመች።

"አባዬ፣ እዚህ ፔይ ፎን አለ። ለአባ ኮል ላድርግላቸውና ከሌላ ቸርች ይዋሱ።"

"አባትሽ እያለ ድባብ ይለመናል? ነይ!"

ሌላ አውቶብስ፣ ከዚያም የጎዳና ባቡር ያዝን። ጥቅሉን ከእጄ አላወረድኩትም።

ትርዒቱ የተዘረጋው በአንድ አዳራሽና ከጀርባው ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። መግቢያው ሁለት ዶላር። አንዱ በእንጨት ማኅተም ጨርቅ ላይ አበባ ያትማል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቃጭል ያሰሩ ሴቶች በከበሮ ይጨፍራሉ። ሳምቡሳ የምትጠብሰውን ሴት "ቅቤ ነክቶታል?" ብዬ አስጠየቅኳት፤ ጾመ ፍልሰታ ነውና። ዘይት ብቻ ነው አለች። ሁለት በላሁ።

## ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ

ጥልፍ የሚሠሩት ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በዕድሜ እኩያዬ ናቸው። በአልማዝ እንግሊዝኛ የጃንጥላ ልብስ ነው አልኳቸው። የሌላ ሃይማኖት ዕቃ ነው ብለው እንዳይመልሱኝ ፈርቼ የታቦት መሆኑን ደበቅኩ። ክሩን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

"መርፌ ሳይሆን መንጠቆ ነው የሚፈልገው፤ እስኪዘጋ ይደርሳል ይላሉ" አለች አልማዝ።

መወጠሪያቸው ላይ ግን ለጎብኚ የሚያሳዩት ሌላ ጨርቅ ነበር። ስለዚህ ባዶ እግራቸውን ዘረጉና የከፋዩን ጫፍ በእግር ጣቶቻቸው ቆንጥጠው፣ ተረከዛቸውን መስቀሉ አጠገብ አሳረፉት።

"ኧረ በማርያም! እግርዎን ያንሡ!"

ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"አባዬ፣ ሰው እያየን ነው! ምን ሆንክ?"

"ይየን! የታቦት ነው በያቸው!"

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ደርቀው ቀሩ። ያባርሩናል ብዬ ከፋዩን ልሰበስብ ጎንበስ ስል ተነሥተው ሄዱ፤ እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ። የከፋዩን ጫፍ አንሥተው ግንባራቸውን አስነኩት።

"ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? እኔም እግዜርን የምፈራ ሰው ነኝ ነው የሚሉህ" አለች አልማዝ። "አሁን ደግሞ በእግሬ ደግሜ አልነካውም፣ ሳይወጠር ደግሞ አይሠራም ይላሉ። አበቃ፣ አባዬ። እንሂድ።"

"የእኔ እጅ ምን ሆኖ?" አልኩና ተንበርክኬ ወጠርኩት።

ትንሽ እንኳ ካላላሁት መንጠቆው ከፋዩን ይቀደዋል። ክንዴ ዝቅ ሲል ሽማግሌው ቀና ሳይሉ በገዛ ቋንቋቸው ይቆጡኛል፤ ቋንቋውን ባላውቅም ስድብ መሆኑ አልጠፋኝም። አዘጋጁ መጥቶ "ዘግተናል" አለ፤ የሰማው የለም። ከወዲያኛው ጫፍ መብራት ማጥፋት ጀመሩ። የእኛው ጥግ ብቻ እንደበራ የመጨረሻዋ ክር ገባች።

## እቤት

እቤት ስንደርስ ጣቶቼ ማንኪያ አልይዝ ቢሉኝም ከፋዩን ብረቱ ላይ አለበስኩት። እሑድ ታቦቱ በድባቡ ጥላ ወጣ፤ መስቀሉም በቦታው አበራ።

"እጅዎ ይባረክ፣ አቶ ወርቁ" አሉኝ አባ።

"ጥልፉ የአንድ ሕንድ ሽማግሌ ነው፣ አባ። መወጠሩን ግን እኔ ነኝ የወጠርኩት፤ ከእኔ የተሻለ ወጣሪ ቶሮንቶ ውስጥ ካለ ያምጡልኝ!"

አባ ሳቁ። "ስማቸው ማን ነው? በጸሎት ላስባቸው።"

ያን ሁሉ ሰዓት ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ስማቸውን አልጠየቅኩም። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፦ ለሰው ሥራ ስትሰጥ የሰጠኸው ምን እንደሆነ ንገረው፤ ማን እንደሆነም ጠይቀው። ትርዒቱ የሚያበቃው በዚያው እሑድ ማታ ስለነበር፣ ስማቸውን ልጠይቅ ነጠላዬን ሳላወልቅ አውቶብስ ያዝኩ።